ቃል ኪዳን ይወረሳል?

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ትቶ ጥቂት እንደተጓዘ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች አንዲት መንደር ያገኛል። አውራ አምባ ትባላለች። ስሟን ያልሰማ ብዙም የለም። ወንዱ እንጀራ የሚጋግርባት፣ ሴቷ በሬ ጠምዳ የምታርስባት፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሌለባት መንደር እየተባለች በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ብዙ ተወርቶላታል። አብዛኛው ወሬ ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ወንዱ ሊጥ ሲያቦካ የሚያሳይ ፎቶ፣ ከዚያ «የሚገርም ነው!»፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቪዲዮ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አውራ አምባ በአንድ እምነት ላይ የቆመች መንደር ናት። እምነት ስል የግድ ካህን ወይም ሼህ ያለበትን ማለቴ አይደለም። «ሰው እንዴት መኖር አለበት?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ይዘው፣ በዚያ መልስ ላይ ቤት የሠሩ፣ ኮሚቴ ያቋቋሙ፣ መተዳደሪያ ያወጡ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በፈቃዳቸው ገቡ፤ ማንም አላስገደዳቸውም። እንዲያውም ያስገደዳቸው ካለ እንዳይገቡ ነው ያስገደዳቸው። ልጆቻቸውስ? አባትና እናት ተማምለው የገቡበትን ቃል ኪዳን ልጅ መውረስ አለበት ወይ? ካልወረሰስ መንደሩ ምን ሊያደርገው ይችላል?

ጥያቄው የአንዲት መንደር ብቻ አይደለም። ሁላችንም ያልፈረምንበት ቃል ውስጥ ተወልደናል። በኦርቶዶክስ ቤት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች፤ በሙስሊም ቤት አዛኑ በጨቅላው ጆሮ ይባላል። ማንም «ትስማማለህ?» ብሎ አልጠየቀንም፤ ሊጠይቀንም አይችልም ነበር። ችግሩ የሚመጣው ያ ቃል ሥልጣን ሲይዝ ነው፤ መሬት ሲያካፍል፣ ሲዳኝ፣ ሲያባርር።

አምባ ላይ ያለች ከተማ

ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በደቡብ ጎንደር እስቴ አካባቢ ነው። ራሳቸው ደጋግመው እንደሚናገሩት ጥያቄው የጀመራቸው በልጅነታቸው ነው። እናትና አባታቸው አብረው እርሻ ውለው ይገባሉ፤ አባት ያርፋሉ፣ እናት ደግሞ እንደ አዲስ ምግብ ማብሰል፣ ልጅ ማጠብ፣ እግር ማጠብ ይጀምራሉ። ትንሽ ቢዘገዩ ቁጣው የሚወርደው እሳቸው ላይ ነው። ልጁ ዙምራ «ለምን?» አለ። ሰው ሁሉ የአንድ ፈጣሪ ፍጡር ከሆነ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን ሥጋ የማይበላው ለምንድን ነው ብሎም ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም፤ እንዲያውም ጤነኛ አይደለም ተባለ። አድገውም ከአገር አገር እየዞሩ የሚሰማቸው ሰው ሲፈልጉ ቆዩ። በመጨረሻ ፎገራ ላይ ጥቂት ገበሬዎች ሰሟቸው፤ በ1964 ዓ.ም. ገደማም መንደሯ ተመሠረተች።

የተስማሙበት ነገር አጭር ነው። ሴትና ወንድ እኩል ናቸው። የልጅ መብት ይከበራል። አቅም ያጣና ያረጀ ይረዳል። ክፉ ቃልና ክፉ ሥራ ይወገዳል፤ መዋሸት፣ መስረቅ፣ መሳደብ። ሰው ሁሉ ወንድምና እህት ነው። በአንድ ፈጣሪ ያምናሉ፤ ለሱ የተለየ ቤት ግን አይሠሩም፣ የበዓል ቀን ብለውም ሥራ አይፈቱም። ሠርግ ድግስ የለውም። ለሞተ ሰው ተዝካር አይወጣም፤ ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህን የሚያስፈጽመው በምርጫ የሚሰየም ኮሚቴ ነው። አንድ አይደለም፤ የልማት አለ፣ የትምህርት አለ፣ እንግዳ የሚቀበል አለ፣ አረጋውያንን የሚጦር አለ፣ ቅሬታ የሚሰማ አለ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት ከሽመናው፣ ከወፍጮውና ከሌላው ሥራ ያገኙትን በዓመቱ መጨረሻ እኩል ይካፈላሉ። በየቤቱም በየአሥራ አምስት ቀኑ የቤተሰብ ውይይት አለ፤ ሕጻኑም አባቱን «እዚህ ላይ አጥፍተሃል» የሚልበት ነው።

አሁን ከፎገራ ወደ ሩቅ አገር ልሻገር፤ ምክንያቱም ይሄን የሚመስል ሌላ አምባ ነበር። (ለማነጻጸር እንዲመች ከዚህ በታች የ17ኛውን መቶ ዘመን ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ1630 ጆን ዊንትሮፕ የሚባል የሕግ ሰው ብዙ ሰው በመርከብ አሳፍሮ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ጠረፍ ተሻገረ። ፒዩሪታኖች ይባላሉ፤ ስማቸውም «አጥሪዎች» እንደማለት ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገና ከጌጥና ከሥርዓት ብዛት አልጠራችም ባይ ነበሩ። ዊንትሮፕ ለተሳፋሪዎቹ ባሰማው ስብከት የማቴዎስ ወንጌልን ምሳሌ አንስቶ፣ እኛ በተራራ ላይ እንዳለች ከተማ ነን፣ የዓለም ዓይን እኛ ላይ ነው አላቸው። በእኛ ቋንቋ ይህ አምባ ነው፤ አውራ አምባ።

መመሳሰሉ በስም አያበቃም። ፒዩሪታኖችም የአምልኮ ቤታቸውን ያለ ሥዕልና ያለ ጌጥ ነበር የሚሠሩት፤ የመንደሩ ስብሰባም እዚያው ይካሄድ ነበር። ሠርግ ለነሱ በዳኛ ፊት የሚፈጸም ውል ነው። ቀብራቸው ቅዳሴ አልነበረውም። በማሳቹሴትስ ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረ ሰው አምስት ሽልንግ ይቀጣ ነበር። ሥራ ፈትነት ነውር ነው። ትምህርት ደግሞ ግዴታ የሚባል ነበር፤ በ1636 ሀርቫርድን መሠረቱ፣ በ1647 ባወጡት ሕግም ሃምሳ ቤተሰብ ያለው ከተማ ሁሉ አስተማሪ እንዲቀጥር አዘዙ። ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ ማንበብ አለበት ብለው ያምኑ ስለነበር ነው።

መንግሥታቸውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የካህናት መንግሥት አልነበረም። ሰባኪ የመንግሥት ሹመት አይዝም ነበር። ገዢው በየዓመቱ በምርጫ ይሰየማል። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንግሊዝ ንጉሡ ፓርላማ ዘግቶ ብቻውን የሚገዛበት ጊዜ ነበርና። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ከ1631 ጀምሮ መምረጥ የሚችለው የቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ ወንድ ብቻ ነው። አባል ለመሆን ደግሞ ጸጋ ልቡን እንዴት እንደነካው በጉባኤው ፊት ቆሞ መመስከር ይጠበቅበት ጀመር። ማለትም የመንግሥቱ በር በልብ ምስክርነት ነበር የሚከፈተው። እምነት የግል ጉዳይ ሳይሆን መታወቂያ ሆነ።

በረዶ

እነዚህ ሰዎች የተሰደዱት ስላስገደዷቸው ነው። ከዚያ እነሱ ራሳቸው አስገዳጅ ሆኑ። ለምን? «ግብዞች ስለነበሩ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ልክ አይመስለኝም። ነገሩን ለመረዳት ወደ ገጠራችን መመለስ ይበቃል።

በሰሜኑ ገጠር በዓል ሽሮ ያረሰ ሰው በረዶ ያመጣል ይባላል። እሱ በተክለ ሃይማኖት ወይም በሚካኤል ቀን በሬ ቢጠምድ በረዶው የሚወርደው በሱ ማሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአገሩ ሰብል ላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ዝም አይልም። ይመክሩታል፣ ይቆጡታል፣ አልሰማ ካለ ይቀጡታል። ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳ ሲውጡ ላየ የፎገራ ገበሬ፣ የሰማይ ነገር ቀልድ አይደለም። የአንዱ ኃጢአት ሁሉን ያስከፍላል ብሎ የሚያምን ሰው፣ የሌላውን ኃጢአት «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ማሳቹሴትስም በትክክል እንዲህ ነበር የሚያስበው። ቃል ኪዳኑን ከእግዚአብሔር ጋር የገባው አገሩ ሁሉ ነው፤ ቢጠብቁት በረከቱ፣ ቢያፈርሱት መቅሠፍቱ የጋራ ነው። እንግዲህ ሮጀር ዊሊያምስ የሚባል ወጣት ሰባኪ ተነስቶ ዳኛ በሰው እምነት ላይ ሥልጣን የለውም ሲል፣ ከተራ ክርክር በላይ ነበር። በረዶ የሚጠራ ሰው ነው። በ1635 እንዲባረር ተፈረደበት፤ በክረምት በበረዶ መሐል ሸሽቶ ሄደና ፕሮቪደንስን መሠረተ። አን ሀቺንሰን የምትባል አዋላጅ ሴት ደግሞ በቤቷ ሰው እየሰበሰበች የሰባኪዎቹን ስብከት ትተች ነበር። በ1637 ፍርድ ቤት ቀረበች፤ ዋናው ጠያቂዋም ዳኛዋም ያው ገዢው ዊንትሮፕ ነበር። እሷም ተባረረች። ሜሪ ዳየር የምትባለዋ ኩዌከር ሆና፣ አትመለሺ ተብላ እየተመለሰች፣ በ1660 ቦስተን ላይ ተሰቀለች። በ1692 ሴለም ላይ በጥንቆላ ተከሰው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በስቅላት ሞቱ፤ ሌላው አንድ ሽማግሌ በድንጋይ ተጭኖ ሞተ።

ይሄን ያደረጉት ሰይጣኖች አልነበሩም። ማንበብ የሚወዱ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት የሚከፍቱ፣ ሌብነትን የሚጠየፉ ሰዎች ነበሩ። አስፈሪውም ይሄው ነው። ደግ ሰው ክፉ የሚሠራበት አንዱ መንገድ «የጎረቤቴ ልብ የኔም ጉዳይ ነው» የሚለው ሐሳብ በእጁ ዱላ ሲይዝ ነው።

የንጉሥ ሃይማኖት

እኛ ጋ በዚያው ዘመን ነገሩ የመጣው ከላይ ነው። ከፎገራ ሜዳ በስተሰሜን ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት የነበራቸው ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን ገለጡ፤ በ1626 ደግሞ በፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም ታማኝነታቸውን ማሉ። ንጉሡ ያመነውን አገሩ እንዲያምን ታዘዘ። ካህናት እንደገና እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ ተባለ። ገበሬው፣ መነኩሴው፣ መኳንንቱ አመፀ። ወንድም ከወንድም ተራረደ። በ1632 ሱስንዮስ አመፁን በጦር ሜዳ አሸንፈው ሳለ፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ሕሊናቸው የዚያን ቀን ምን እንዳላቸው መገመት ይቻላል። የወገንን ሬሳ ቆጥሮ ድል ብሎ መጥራት ከባድ ነው።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ እንደ ድል ነው የምንናገረው፤ የእኛ እምነት አሸነፈ ብለን። እውነት ነው፣ ሕዝቡ ተጭኖበት የነበረውን ጥሏል። ግን አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ፤ የንጉሥ ሃይማኖት የአገር ሃይማኖት ነው የሚለው መርሕ። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጡ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ አዘዙ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ ወሰኑ። ሱስንዮስ ወደቁ እንጂ ሐሳባቸው አልወደቀም። ያ የተለወጠ እምነት ነው ብለን ጠላነው እንጂ፣ ዱላውን አልጠላነውም።

አውራ አምባ ስትመሠረት የአገሪቱ ሕግ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነበር፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን የሚደነግግ። በዚህ አገር፣ በዚህ ሜዳ ጥግ ላይ፣ ጥቂት ገበሬዎች «በፈጣሪ እናምናለን፤ ግን በበዓል ቀን እንሠራለን» ሲሉ ጎረቤት በረዶ ታየው። ሃይማኖት የላቸውም ተባሉ፤ ተገለሉ፣ ተገፉ። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ ከፖለቲካ ጋር ተያይዞባቸው መንደራቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ተሰደዱ፤ ቦንጋ አካባቢ ቆዩ። መንግሥት ተቀይሮ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ነው። በእርሻ ብቻ መኖር ስላልተቻለ ወደ ሽመና ዞሩ፤ ሴቱም ወንዱም ይሸምናል፣ ወንዱም ሴቱም ይፈትላል።

ስለዚህ አውራ አምባ ከማሳቹሴትስ የምትለይበት ትልቅ ነገር አለ። መንግሥት ሆና አታውቅም። የገዢነት ቻርተር አልነበራት፣ ዳኛዋ ሰው የመስቀል ሥልጣን የለው። ከሷ ውጭ ሁልጊዜ ቀበሌ አለ፣ ወረዳ አለ፣ የወረታ ፍርድ ቤት አለ። ይሄ ለመንደሯ ልዕልና አይደለም፤ ዕድል ነው። ጥሩ ሐሳብ ያለው ሰው ዱላ አለመያዙ ሐሳቡን ከመበላሸት ያድነዋል። ማሳቹሴትስ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ከነዙምራ የባሱ አልነበሩም፤ የያዙት ነገር ነው የባሰው።

የግማሽ መንገድ ቃል ኪዳን

አሁን ወደ ልጆቹ። ማሳቹሴትስ ከተመሠረተች ሠላሳ ዓመት ሲሞላት ያልታሰበ ነገር ገጠማት። መሥራቾቹ ውቅያኖስ የተሻገሩ፣ እሳት የነካቸው ሰዎች ነበሩ። ልጆቻቸው ግን ጨዋ ናቸው፣ ይሠራሉ፣ እሑድ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ በጉባኤ ፊት ቆመው «ጸጋ እንዲህ አድርጎ ልቤን ነካኝ» ማለት ግን አልቻሉም። ምክንያቱም አልነካቸውም፤ መዋሸት ደግሞ ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። ነገሩን እዩት፦ ወላጆቻቸው ያስተማሯቸው ሐቀኝነት ነው ከወላጆቻቸው ጉባኤ ያስቀራቸው። እነሱ ሙሉ አባል ካልሆኑ ደግሞ የነሱ ልጆች አይጠመቁም።

በ1662 ሰባኪዎቹ ተሰብስበው መሐል መንገድ ፈለጉ። ያልመሰከሩት ልጆቻቸውን ማስጠመቅ ይችላሉ፤ ቁርባንና በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ድምፅ መስጠት ግን አይፈቀድላቸውም። ታሪክ «የግማሽ መንገድ ቃል ኪዳን» ይለዋል። ብዙዎች የውድቀት ምልክት አድርገው ያዩታል። እኔ ደግሞ የሐቀኝነት ምልክት ይመስለኛል። አንድ ማኅበረሰብ «የእኛን ልብ ለልጆቻችን ማውረስ አልቻልንም» ብሎ በአደባባይ ያመነበት ቀን ነው። ቤት ይወረሳል፤ ማሳ ይወረሳል፤ ስም ይወረሳል። የተነካ ልብ ግን አይወረስም። የአባትህን ማሳ ስትረከብ አፈሩ ያው አፈር ነው፤ የአባትህን እምነት ስትረከብ ግን የምታገኘው ቃሉን ነው። ቃሉን እምነት ማድረግ ያንተ ሥራ ነው።

አውራ አምባም ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። እዚያ የተወለደች ልጅ እናቷ ተደብድባ አላየችም። ለሷ የወንድ እንጀራ መጋገር አብዮት አይደለም፤ እራት ነው። ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ከሌላ አገር ልጆች ጋር አንድ ክፍል ታድራለች፣ አንዷ ጓደኛዋ ለኪዳን ትነሳለች፣ ሌላዋ ለፈጅር ሶላት። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ ብትፈልግስ? ወይም በተቃራኒው፣ ፈጣሪ የሚባል ነገር የለም ብትልስ? በመንደሯ መርሕ ሰው ሁሉ እኩል ነው፤ ልጅም ይናገራል። ያ መርሕ የሚፈተነው ወንዱ ሊጥ ሲያቦካ አይደለም። ያን ቀን ነው።

ይህን የምለው አውራ አምባን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም የየአሥራ አምስት ቀኑ ውይይት ለዚህ ፈተና ከብዙዎቻችን ቤት የተሻለ መሰናዶ ነው። በእኛ ቤት ልጅ «ለምን?» ሲል «ዝም በል» ነው መልሱ፤ እነዙምራ መንደር የመሠረቱት ልጁ ዙምራ «ለምን?» ሲል ዝም በል ስለተባለ ነው። ጥያቄ የወለዳት መንደር ጥያቄን ብትዘጋ ራሷን ነው የምትዘጋው።

በሩ

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ መሸሽ አልፈልግም። «ልጅ ሁሉ እንደፈለገው የሚጥለው ቃል ኪዳን ምን ቃል ኪዳን ነው? ሰው ካልታሰረ ማኅበር አይቆምም። አውራ አምባ የቆመችው፣ ፒዩሪታኖቹም ትምህርት ቤትና የመንደር ጉባኤ የሠሩት፣ እኛም እንደ ሕዝብ እዚህ የደረስነው እኮ ማሰሪያ ስለነበረ ነው።»

ትክክል ነው፤ ማሰሪያ ያስፈልጋል። ግን ምኑ ነው የሚታሰረው? ሥራ ይታሰራል፤ ልብ አይታሰርም። ሰውን «አትስረቅ፣ አትማታ፣ ያዋጣኸውን ተካፈል፣ የጎረቤትህን ቀብር አትቅር» ማለት ይቻላል፤ ቢያፈርስ መጠየቅም ይቻላል። «እመን» ብሎ መጠየቅ ግን የሚያፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ውሸታም ወይም ስደተኛ። ሱስንዮስ ሁለቱንም በብዛት አፈሩ። ማሳቹሴትስም እንዲሁ።

ይህን ቀድሞ ያየው ያ የተባረረው ሮጀር ዊሊያምስ ነው። ብዙ ሰው ዊሊያምስን እምነቱ የላላ አድርጎ ያስበዋል። ተቃራኒው ነው፤ ከዊንትሮፕ የባሰ ጥብቅ ነበር። ለሱ እምነት በጣም ንጹሕ ነገር ስለሆነ የዳኛ እጅ ሊነካው አይገባም። ሰውን በሕግ አስገድዶ ማስጸለይ ፈጣሪን መስደብ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ በፕሮቪደንስ የመጡት ሰዎች ለጋራው ውሳኔ ለመታዘዝ ሲስማሙ፣ ውሉ በዓለማዊ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በ1663 ሮድ አይላንድ ያገኘችው የንጉሥ ቻርተርም የሕሊና ነጻነትን አጸና። ከሃይማኖተኞቹ ሁሉ ሃይማኖተኛው ሰው ነው መንግሥትን ከሃይማኖት የለየው። ይህን ዛሬ የእምነት ነጻነትን እንደ ክህደት የሚያዩ ወንድምና እህቶቻችን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ከማሳቹሴትስስ ምን ተረፈ? በ1691 የመጣው አዲስ ቻርተር የመምረጥ መብትን ከቤተ ክርስቲያን አባልነት አውጥቶ ከንብረት ጋር አያያዘው። በ1697 ደግሞ ከሴለም ዳኞች አንዱ የነበረው ሳሙኤል ሱዎል በጉባኤው መሐል ተነስቶ ቆመ፤ ጥፋቱን የጻፈበት ወረቀት ሰው ሁሉ እየሰማ ተነበበለት። ትምህርት ቤቱ ቀረ፣ የመንደር ጉባኤው ቀረ፣ ስቅላቱ አልቀረም። የተረፈው ሰው እንደገና ራሱ ሊመርጠው የሚችለው ነገር ብቻ ነው።

በኛ አገርም ወረቀቱ ተጽፏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና መልካም ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይዝ በኃይል መገደድ እንደሌለበትም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወላጅ ያስተምራል፤ ልጅ ይመርጣል። በመሐላቸው ያለውን ርቀት ግን ሕግ አይሞላውም፤ የሚሞላው ሰፈሩ ነው።

ሰፈር ደግሞ ከመንግሥት የበለጠ ኃይል አለው። ዕድርን አስቡ። ማንም በፖሊስ አስገድዶ ዕድር አያስገባህም። ግን ከዕድር የወጣ ሰው እናቱ ስትሞት ድንኳን ማን ይተክልለታል? ሬሳ ማን ያወጣለታል? እምነቱን የቀየረ ልጅ ቤተሰቡ ውስጥ በሕግ ምንም አይሆንም፤ ግን አባቱ ካላናገረው፣ እህቱ ሠርጓ ላይ ካልጠራችው፣ ሲሞት የት እንደሚቀበር ካላወቀ፣ አንቀጽ 27 ለሱ ወረቀት ነው። በር አለ ይባላል፤ ከበሩ ውጭ ግን ገደል ነው። እንዲህ ያለ በር ግድግዳ ነው።

ስለዚህ አንድን ማኅበረሰብ ለመመዘን መርሑን ብቻ ማንበብ አይበቃም። የማሳቹሴትስ መርሕ ሲነበብ ያምራል፤ የአውራ አምባም ያምራል፤ የቤታችንም ያምራል። መጠየቅ ያለብን ቀላል ነገር ነው። የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጅ ተነስታ «እኔ በዚህ አላምንም» ብትል፣ የዚያን ዕለት ማታ እራት የት ትበላለች? በአባቷ ቤት፣ እንደ ትናንቱ፣ ከወንድሞቿ ጋር ከአንድ መሶብ ከሆነ፣ ያ ቃል ኪዳን የቀረው ሁሉ ይቅርና ሊታመን ይችላል፤ ነገ ራሷ ተመልሳ ልትመርጠውም ትችላለች። ውጭ ከሆነ ግን የቀሩት አምነው ይሁን ፈርተው የቀሩት፣ ማወቂያ የለውም። እነሱ ራሳቸውም አያውቁትም።